የጎርፍ ተራ

በእኛ አገር ማሽላ የሚደርሰው በሰማዩ ዝናብ ብቻ አይደለም። ክረምት ላይ ከተራራው የሚወርደውን ጎርፍ በድንጋይና በአፈር ክትር እንጠልፍና በቦይ መርተን በየተራ ማሳችንን እናጠጣለን። ክትሩን በበጋ ያልሠራ ቤት ተራ የለውም፤ ይሄስ ደግ ነው። ደግ ያልሆነው ተራውን የሚቀበለው ወንድ ብቻ መሆኑ ነበር።

አባቴ ከሞተ በኋላ ቤታችን ወንድ ስላልነበረ ተራችንን የሚይዝልን አንድ ጎረቤት ነበር፤ ለዚሁ ውለታው ከምርቱ እኩሌታውን ይወስዳል። ልብ በሉ፣ ያረሰው እሱ አይደለም። እኔና እናቴ ነን የባለ በሬዎችን ማሳ እያረምን በምትኩ የምናሳርሰው። መጋቢት ሲገባ ጎተራችን ባዶ ይሆናል፤ ያኔ እናቴ ቆቦ ሄዳ የሰው ልብስ ታጥባለች።

አሥራ አራት ዓመቴ ላይ እናቴ "ዘንድሮ ለማንም አላካፍልም" አለችና በጋውን ሙሉ ከወንዶቹ ጋር ድንጋይ ስትሸከም ከረመች። "ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ" እያሉ ሳቁባት። እውነቱን ልናገር፣ እኔም አፈርኩባት። ምሳዋን ከሩቅ አስቀምጬ እሮጥ ነበር።

ሐምሌ ላይ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ከተራራው ሥር ስልክ ተደወለ፤ ጎርፉ መጣ። ተራው የእኛ ነበር። እናቴ አካፋዋን ይዛ የቦያችን አፍ ላይ ቆመች፤ እኔ ዳር ቀረሁ። ተራ የሚያስከብሩት ሽማግሌ፣ የውሃ አባት የምንላቸው፣ ከክትሩ ላይ ጮኹ።

"አንቺ ሴትዮ፣ ውጪ! ወንድ ላኪ፤ ያለዚያ ተራሽ ለሚቀጥለው ያልፋል!"

የሚቀጥለው ያው እኩሌታ የለመደው ጎረቤታችን ነው። አካፋውን ተደግፎ ፈገግ ይላል። እንዴት እንደጠላሁት!

"በጋውን ድንጋይ ስሸከም 'ወንድ ላኪ' አላሉኝም" አለች እናቴ። "አሁንም አልወጣም። ከፈለጉ በላዬ ላይ ይልቀቁት!"

ጎርፉ ደርሶ ጉልበቷን መታት፤ ተንገዳገደች። ያኔ እፍረቱ የት እንደጠፋልኝ አላውቅም፣ ዘልዬ ገብቼ መቀነቷን ያዝኩ። ፈርቻለሁ፤ ግን አልለቀቅኳትም።

ሽማግሌው እኛንም ጎርፉንም አዩ። ጎርፍ ደግሞ ሽምግልና አይጠብቅም።

"በይ ክፈቺ!" አሉ በቁጣ።

የቦያችንን አፍ የዘጋውን አፈር አብረን ናድነው። ውሃው ማሳችንን አዳርሶ እስኪያበቃ ማንም አላናገረንም። እናቴ አካፋዋን አጠበችና ለእኔ ሰጠችኝ።

"ለከርሞ ድንጋዩን አብረን ነው የምንሸከመው" አለችኝ።

ተሸከምኩ።