የመጨረሻው መስመር ላይ የተገኘ

አለቃችን ሎግ ማንበብ አይችልም ነበር። ሳይችል ግን ይፈርድ ነበር፤ እኔን ያንገበገበኝ ይሄ ነው።

ናይሮቢ፣ ኪሌሌሽዋ ሰፈር ያለው ቢሯችን ለገጠር ጤና ጣቢያዎች መድኃኒት የሚታዘዝበትን ሶፍትዌር ይሠራል። ፕሮግራሙ ውስጥ አንዱ ፈንክሽን፣ ማለትም አንድ ሥራ የሚሠራ የኮድ ቁራጭ፣ ሌላውን በጠራ ቁጥር ሎጉ በሚባለው የፕሮግራሙ መዝገብ ላይ አንድ መስመር ይጻፋል። ማን ማንን እንደጠራ ግን ማን ይንገርህ! ጠሪውም ተጠሪውም ከግራ ጠርዝ ጀምረው እኩል ተደርድረዋል፤ መግባቱም መውጣቱም አንድ መልክ ነው። አንድ ትእዛዝ ብቻ ብዙ ገጽ ይፈጃል። አለቃችን ታዲያ ምን ያደርጋል? ዘሎ ወደ መጨረሻው መስመር ይወርዳል፤ እዚያ ያለው ፈንክሽን የማን እንደሆነ ይጠይቃል፤ ጥፋተኛው ያ ሰው ነው። አለቀ! አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይባላል፤ የእኛው ሰውዬ እንኳን ሊፈራት አህያዋ የት እንዳለችም አያውቅ።

መድኃኒት ሁለት ሁለት ጊዜ መታዘዝ ሲጀምር የመጨረሻው መስመር ላይ የተገኘችው ከከተማው ዳር ከካሳራኒ በማታቱ ታክሲ የምትመላለስ ወጣት ያገሬ ልጅ ነበረች። ትእዛዙን የሚልከውን ፈንክሽን የጻፈችው እሷ ናት። የሥራ ውሏ ሊያልቅ ጥቂት ሳምንት ቀርቶታል፤ ውል ከሌለ የሥራ ፈቃድ የለም፤ ፈቃድ ከሌለ ደግሞ ናይሮቢ የለም። አለቃችን ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት፣ እስከ ዓርብ ካላስተካከልሽ ውልሽን አላድስም አላት። እሷም አንገቷን ደፍታ እሺ አለች።

እውነቱን ልናገር፣ አዝኜላት አልነበረም። እሷንም እንቃት ነበር። ኮዷን ባየሁ ቁጥር "የልጅ ሥራ" እል ነበር፤ ያን ቀን ያበገነኝ የእሱ ድንቁርና ብቻ ነው።

ሐሙስ ከምሳ በኋላ ቁጭ አልኩና ሎጉን የሚጽፈውን ኮድ ቀየርኩት። የተጠራው ከጠሪው ገባ ብሎ ይጻፍ፤ ሥራውን ሲጨርስ ምን ይዞ እንደተመለሰ ይናገር፤ ተደጋጋሚው በአንድ መስመር ይጠቃለልና ስንት ጊዜ እንደሆነ ብቻ ይባል። በቃ፣ ይኸው ነው! ይህቺን ሳያደርግ ዲግሪ በዲግሪ የሆነ ቢሮ ሙሉ ሰው ስንት ዓመት ዓይኑን ሲያጨናቁር ኖረ። አለቃችን በኋላዬ ሲያልፍ ስክሪኔን አየና "ጌጥ" ብሎ ሄደ። ጌጥ! ምን ያድርግ፣ አፉን ከመክፈት ሌላ ሙያ የለው።

ልጅቷን ጠራኋት። "ነይ እስኪ፣ አሁንስ ማንበብ ካላቃተሽ" አልኳት፣ ወንበር እንኳን ሳልስብላት።

ቆማ አነበበች። ጣቷን ከራሷ ፈንክሽን አስነስታ ወደ ጠሪው፣ ከዚያም ወደ ጠሪው ጠሪ ወሰደችው። አንድ ደቂቃ አልፈጀባትም።

"ጋሼ" አለችኝ፣ "የእኔን ሁለቴ የሚጠራው ይሄኛው ነው። መልስ ሲዘገይበት ትእዛዙ አልደረሰም ብሎ እንደገና ይልካል።" ዞር ብላ አየችኝ። "ይሄን የጻፍከው አንተ አይደለህም?"

ክው አልኩ። አዎ፣ የእኔ ነበር። በተቀጠርኩ ሰሞን የጻፍኩት፣ የኮራሁበት፣ ማንም እንዳይነካብኝ ያስጠነቀቅኩበት ኮድ። እሷ ድምጿን እንኳን ከፍ አላደረገችም። ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር።

በማግስቱ ስብሰባው ላይ ተነሳሁና ጥፋቱ የእኔ ነው አልኩ። ጀግንነት እንዳይመስላችሁ፤ ልጅቷ ፊት ለፊቴ ተቀምጣ እያየችኝ ሌላ ምን እላለሁ? አለቃችን ሳቀ። "ፖሌ ሳና ወንድሜ" አለኝ፣ በስዋሂሊ አይዞህ እንደማለት፣ ትከሻዬን መታ መታ እያደረገ፣ "የሚሠራ ሰው ይሳሳታል።" ከዚያ ወደ ሌላ ጉዳይ አለፈ። እሷን ከአገር ሊያስወጣ የነበረው ጥፋት በእኔ ላይ አንድ ቁጣ እንኳን አላመጣም።

ውሏ ታደሰላት። ይቅርታ የጠየቃት ሰው ግን አልነበረም፤ አለቃዬን ስንቀው የኖርኩት እኔም አልጠየቅኳትም።