ያስታረቁን ሽማግሌዎች

የዘጠና ሰባቱ ምርጫ ሰሞን፣ ለተቃዋሚ ፓርቲ ልቀሰቅስ ከአርባ ምንጭ ወደ አንዲት የደጋ መንደር ወጣሁ። ምን ያደርጋል፣ የገዢው ፓርቲ ቀስቃሽ ታደሰ ቀድሞኝ ደርሷል። ታደሰ አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ በሚባለው ሰፈር አብሮኝ ያደገ ሰው ነው። መንደሩ በሚመክርበት ሜዳ፣ ዱቡሻ በሚሉት ላይ፣ ሕዝብ ፊት ተሞላለጭን። እኔ "ሌባ" አልኩት፤ እሱ "ባንዳ" አለኝ።

ይሄኔ ሽማግሌዎቹ እርጥብ ሣር ይዘው መሐላችን ተንበረከኩ። ሣር ይዞ የተንበረከከ ሽማግሌን አልፎ የሚሄድ ጋሞ ደግሞ አይገኝም።

"ልጆቼ፣ ከዚህ ተጣልቶ መሄድ የለም" አሉ ትልቁ።

ወደን ሳይሆን አፍረን ተቃቀፍን። ሕዝቡ አጨበጨበ።

የምርጫው ቀን ሁለታችንም እዚያው መንደር ምርጫ ጣቢያ የየፓርቲያችን ታዛቢ ሆነን ተቀመጥን። ቆጠራው ሲጀመር የመጀመሪያው ወረቀት በእኔም በእሱም ፓርቲ ምልክት ላይ አሻራ አለበት። ሁለተኛውም እንደዚያው። ሣጥኑ ሙሉ እንደዚያው! ሁሉም ውድቅ ተደረገ።

እየበረርኩ ትልቁ ሽማግሌ ዘንድ ሄድኩ። "ምነው አባቴ! የሚመረጠው እኮ አንዱ ብቻ ነው!"

በግርምት አዩኝ።

"በስንት ልመና አስታርቀናችሁ፣ አንዳችሁን መርጠን እንደገና እናጣላችሁ?"