ያልጠጣሁት ውሃ

ይህ የደረሰው ባለፈው ዓመት ነው። ከሕመሙ ይልቅ እስካሁን የሚቆጠቁጠኝ እሱ ስለሆነ፣ ልጻፈውና ይውጣልኝ ብዬ ነው።

የምኖረው አሜሪካ፣ ጋርላንድ የምትባል ከተማ ነው፤ ሥራዬ ኤርፖርት ሰው ማመላለስ ነው። በስድሳ ሦስት ዓመቴ የፕሮስቴት እጢ ካንሰር ተገኘብኝ። ከባለቤቴ በቀር ለማንም አልተናገርኩም። ሐኪሞቹ ፕሮቶን የሚባል ጨረር አዘዙልኝ፤ ከሰኞ እስከ አርብ፣ ለሳምንታት።

ጨረሩ ራሱ አጭር ነው። የሚረዝመው ማስተካከሉ ነው። ከወገብ በታች አውልቄ፣ ፎጣ ጣል አድርገውብኝ በጀርባዬ እተኛለሁ። እጢው ውስጥ ከሩዝ ፍሬ ያነሱ የወርቅ ምልክቶች ከተውልኛል። በየቀኑ ከጨረሩ በፊት ስካን ያደርጉና፣ ምልክቶቹ ትክክለኛ ቦታቸው ላይ እስኪውሉ አልጋውን በጥቂት በጥቂቱ ያንቀሳቅሱታል። ፊኛዬም በሽንት መሞላት አለበት፤ ከጎደለ አንጀት ወደ ታች ይወርድና ጨረሩ ያገኘዋል። ስለዚህ ከመግባቴ በፊት ሁለት ትልልቅ ብርጭቆ ውሃ መጠጣት አለብኝ።

በሦስተኛው ሳምንት አዲስ ቴክኒሺያን መጣች። "ጋሼ፣ እንደምን አደሩ?" ስትለኝ ደርቄ ቀረሁ። የቤተ ክርስቲያናችን ልጅ ናት፤ እሁድ እሁድ ከመዘምራኑ ጋር አያታለሁ። እኔ ደግሞ በአንዲት ፎጣ ተሸፍኜ ተጋድሜያለሁ።

በዚያ ሰሞን ሽንቴን መቋጠር እያቃተኝ ነበር። በእሷ ፊት ቢያመልጠኝስ ብዬ ፈራሁ። በማግስቱ ግማሽ ብርጭቆ ብቻ ተጎንጭቼ ገባሁ።

"ውሃውን ጨረስክ? ሶሪ ጋሼ፣ ጨረሱ?" አለችኝ። እዚሁ ስላደገች አንቱታው ያደናቅፋታል።

"ጨርሻለሁ" አልኳት።

ስካኑ አጋለጠኝ። ተመልሳ መጣችና፣ "ጋሼ፣ ፊኛው አልሞላም። ትንሽ ይጠጡና እንጠብቅ፣ ኦኬ?" አለች። ዋሽተዋል አላለችም። ተነሥቼ ጠጣሁ፣ ጠበቅሁ፣ እንደገና ስካን ተደረግሁ። ሦስት ቀን ሙሉ እንዲሁ ሆነ፤ ሦስቱንም ቀን ዋሸኋት።

በሦስተኛው ቀን ንዴቴ ገነፈለ። ልብሴን ለብሼ ቀጥታ ሱፐርቫይዘሯ ጋ ሄድኩና ኮምፕሌይን አደረግኩ። "ይቺ ልጅ ሥራዋን አታውቅም። በየቀኑ ታስደግመኛለች። ሌላ ሰው ስጡኝ" አልኩ። ሴትዮዋ ጻፈችው።

በማግስቱ አንድ ጎልማሳ አሜሪካዊ ተቀበለኝ። ተገላገልኩ ብዬ ውሃውን ሙሉውን ጠጣሁ። በአንድ ስካን አለቀ። ስወጣ ልጅቷ መተላለፊያው ላይ የታማሚ ጋውን ስታጥፍ አየኋት። ሰውየውን ብጠይቀው፣ ለጊዜው ከሕክምና ክፍል አውጥተዋታል አለኝ።

መኪናዬ ጋ ደርሼ ቁልፉን እንደያዝኩ ቆምኩ። ከዚያ ተመለስኩና ለሱፐርቫይዘሯ፣ "ዋሽቻለሁ። ውሃውን ሳልጠጣ ጠጣሁ ያልኩት እኔ ነኝ" አልኳት።

ኮምፒውተሯን ከፍታ ልጅቷ በሁለተኛው ቀን የጻፈችውን አነበበችልኝ፤ ሱፐርቫይዘሯ ራሷ ያየችው ገና ያን ዕለት ጠዋት ነበር። "ታማሚው የማኅበረሰባችን አባት ናቸው። በእኔ ፊት ሳያፍሩ አልቀሩም። ከተቻለ ወንድ ቴክኒሺያን ይመደብላቸው" ይላል። እንደዋሸሁ ግን አንድም ቦታ አልጻፈችም።

ልጅቷን እዚያው መተላለፊያው ላይ ይቅርታ ጠየቅኳት። ዓይኗ ቀልቶ ነበር።

"ማለቴ፣ ማፈርዎ ይገባኛል ጋሼ" አለች። "ግን ሥራዬን አውቃለሁ።"

"ታውቂያለሽ" አልኳት።

ወዲያው ወደ ሥራዋ መለሷት። የመጨረሻውን ሳምንት እሷ እንድትሠራልኝ ራሴ ጠየቅሁ። ሕክምናው አልቋል፤ እስካሁን ደህና ነኝ።

እሁድ ስታገኘኝ ጎንበስ ብላ ሰላም ትለኛለች። ከምእመናኑ ስለ ሕመሜ የጠየቀኝ ሰው እስከ ዛሬ የለም፤ ለአንድ ሰው እንኳ ትንፍሽ አላለችም ማለት ነው። እኔ ግን የእሷን ስም ለማጥፋት አንድ ደቂቃ እንኳ አልፈጀብኝም።