አጥር ላይ የዋለው ሰሌን

ሌላው የመንግሥት ሠራተኛ ሐዋሳ ለሥልጠና ሄዶ አበልና አንድ ቦርሳ ይዞ ይመለሳል። የእኔ ባል ፍልስፍና ይዞ መጣ። ቦርሳውንም አምጥቷል፣ አልዋሽም። የቦርሳው ዚፕ ግን በሳምንቱ ተበላሸ፤ ፍልስፍናው ነው አልበላሽ ያለው።

አሠልጣኙ ስለ ጥንት ፈላስፎች ነግሯቸዋል። ከብዙ ዘመን በፊት ባሕር ማዶ የኖሩ ጢማም ሰዎች ናቸው። ትምህርታቸው ሲጨመቅ እንዲህ ነው፤ የሚገጥምህ ነገር ሁሉ ወይ በእጅህ ነው፣ ወይ በእጅህ አይደለም። በእጅህ ላልሆነው አትናደድ፣ አትጨነቅ። በእጅህ ያለውን፣ ማለትም ራስህን፣ ችግር እያስለመድክ አሠልጥነው። እኔ ዲላ ውስጥ ሦስተኛ ክፍል አስተምራለሁ፤ እንዲህ ያለ ትምህርት አልጠላም። የጠላሁት የባሌን አመዳደብ ነው።

መብራት ሲጠፋ በእጁ አይደለም፤ ይሁን። ውኃ ሲቋረጥም በእጁ አይደለም፤ ይሁን። የጓዳው በር ማጠፊያ ከተነቀለ ግን ወር አልፎታል፣ እሱም በእጁ አይደለም። መዶሻው ብቻ አንድ ቀን በእጁ ነበር፤ አንሥቶ አየውና መልሶ አስቀመጠው። እኔ ቶሎ የምግል ሰው ነኝና እጮሃለሁ። እሱ ዓይኑን ጨፈን ያደርግና፣ ቁጣሽ የአንቺ ነው እንጂ የእኔ አይደለም ይለኛል። ይህን የተናገረው ፈላስፋ ሚስት እንዳልነበረው እምላለሁ።

በዚያ ሰሞን የሚያቃጥለኝ ነገር ግን ከበሩ ማጠፊያ የከፋ ነበር። እናቴ ይርጋጨፌ አጠገብ፣ ኢዲዶ የሚባል ገጠር ብቻዋን ናት። አባቴ ካረፈ ወዲህ ቡናውንም እንሰቱንም ይዛ ቀርታለች፤ ጉልበቷ ግን ከድቷታል። አንዴ ከተቀመጠች ለመነሣት የሚደግፋት ትፈልጋለች። በክረምቱ ጓሮ ውስጥ ወድቃ፣ የሚያልፍ ሰው ድምፅ እስክትሰማ እንሰት ሥር ተቀምጣ ዋለች። ይህን የነገረችኝ እየሳቀች ነው። እኔ አልሳቅኩም። እኛ ጋ መጥታ እንድትኖር ፈለግሁ፤ ልጃችን ለትምህርት ከቤት ወጥታለች፣ ቦታ አይጠፋም። ባሌን ጠየቅሁት። እምቢ አላለም፣ እሺም አላለም። ገና ላልመጣ ነገር ዛሬ አንጨነቅ ነው ያለኝ።

እምቢ ቢለኝ ይሻለኝ ነበር፤ እምቢታን እንዴት እንደምጣላው አውቃለሁ። ደግሜ ስጠይቀው ያንኑ ደገመልኝ። በሦስተኛው፣ ሰውየው ለእናቴ ቦታ ሰስቷል፣ ፍልስፍናውን መደበቂያ አድርጎታል ብዬ ደመደምሁ። ከዚያ ወዲያ ሰላም ልሰጠው አልፈለግሁም።

ራሱን ማሠልጠን የጀመረው በቀዝቃዛ ውኃ በመታጠብ ነው። ማለዳ ጓሮ ወጥቶ ጆጉን በላዩ ላይ ሲደፋ የሚያሰማው ድምፅ የጎረቤትን ውሻ ያስጮኸው ነበር። ያን ጊዜ እኔ ውኃ አሙቄ፣ እንፋሎቱ እየወጣ በአጠገቡ አልፌ እገባለሁ። ቀጥሎ ቆጮውን ያለ ቅቤና ያለ ጎመን፣ ደረቁን መብላት ያዘ። እኔም አጠገቡ ተቀምጬ ጎመኑን በቅቤ አርሼ፣ ጣቴን እየላስሁ በላሁ። ቀና ብሎም አላየኝ። ጉሮሮው ብቻ ከፍ ዝቅ አለ።

ከዚያ ቡና ተወ። አንባቢዬ የሌላ አገር ሰው ከሆነ ይህ ምንም ላይመስለው ይችላል። እዚህ ግን ከደጃችን እስከ ይርጋጨፌ ድረስ የሰው ኑሮ የተንጠለጠለው በቡና ላይ ነው። ቡና አልጠጣም ያለ ሰው ወይ ታሟል ወይ ተቀይሟል፤ ሌላ ምክንያት አናውቅም። አጥር የምንጋራት ጎረቤታችን እንደ ልማዷ ስትጠራን እኔ ሄድኩ፣ እሱ ቀረ። በማግሥቱም ቀረ። ምን ሆኖ ነው ስትለኝ እንጃለት አልኳት። እውነቴን ነው፤ እኔም አላወቅሁም።

በመጨረሻ አልጋውን ተወ። ሳሎን ውስጥ ሰሌን አነጠፈና አንድ ብርድ ልብስ ይዞ መሬት ላይ ተኛ። አልጋው ሲሰፋልኝ አልተከፋሁም። ሰሌኑ ግን እርጥበት ጠጥቶ መሽተት ጀመረ፤ እኔም አንድ ፀሐያማ ጠዋት ከብርድ ልብሱና ከትራሱ ጋር አውጥቼ አጥሩ ላይ አሰጣሁት።

ጎረቤቴ ከዚያ ማዶ ቆማ ሰሌኑን አየች፣ ብርድ ልብሱን አየች፣ አንዷን ትራስ አየች።  ከሰዓት በኋላ በሳህን ገንፎ ይዛ መጣች። እኛ ሰፈር ገንፎ ወይ ለአራስ ነው ወይ ልቡ ለተሰበረ። እኔ አራስ አይደለሁም።

እሑድ ቤተ ክርስቲያን የመዘምራኑ እናቶች አንድ በአንድ እጄን ይዘው፣ እየጸለይንልሽ ነው አሉኝ። ስለ ምን እንደሚጸልዩ የነገረኝ የለም። ባሌንም ወንዶቹ ትከሻውን መታ መታ አደረጉት፤ እሱ የመንፈስ ጥንካሬው ከሩቅ መታየት የጀመረ መስሎት ደስ አለው።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ሽማግሌዎች መጡ። አንዱ ከቤተ ክርስቲያናችን የሆኑ፣ በጌዴኦ ሽማግሌዎች ጉባኤም ቃላቸው የሚሰማ አባት ናቸው። ሁለተኛው ከፊት ለፊታችን ሱቅ ያላቸው ሐጂ ናቸው። ተቀመጡ፣ ስለ ዝናቡ አወሩ፣ ስለ መንገዱ አወሩ። ሐጂ ሳሎኑ ጥግ የተጠቀለለውን ሰሌን አይተው ፊታቸውን መለስ አደረጉ። አባት ጉሮሯቸውን ጠራርገው፣ በዚህ ቤት ነፋስ ገባ ሲባል ሰማን፣ ዝም ማለት ስላልቻልን መጣን አሉ።

ነገሩ ያን ጊዜ ገባኝ። አልተጣላንም ብሎ መሸኘት የእኔ ፈንታ ነበር። እኔ ግን ነጠላዬን ወደ ፊት ሳብ አድርጌ፣ የተበደለች ሴት መስዬ ዓይኔን መሬት ላይ ጣልኩ። ፈላስፋው ከዚህ እንዴት እንደሚወጣ ማየት ፈለግሁ።

እሱ ነገሩን ለማስረዳት ተነሣ። መሬት የምተኛው በፈቃዴ ነው፣ ቅቤና ቡናም የተውኩት በፈቃዴ ነው፣ ራሴን እያሠለጠንኩ ነው አለ። ሰው ሲቆጣኝም አልመልስም፣ ቁጣ በእጄ አይደለምና አለ። ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ሐጂ በረጅሙ ተነፈሱና፣ ቻይ ሰው ነህ አሉት። አባትም ራሳቸውን እየነቀነቁ፣ በአልጋም በምግብም ተከልክሎ የሚስቱን ገመና የሚሸፍን ባል በዚህ ዘመን መኖሩን እንደማያውቁ ተናገሩ። ከዚያ ሁለቱም እኔን አዩኝ።

አየሁት የሚሆነውን። እሱ በተረጋጋ ቁጥር እኔ ጅብ እሆናለሁ። ወጥመዱን ያጠመድኩት እኔ፣ የገባሁበትም እኔ። ደሜ ፈላ፣ ነጠላውም ተንሸራተተ።

"እናቴን ከለከለኝ" አልኩ። "ጓሮ ወድቃ ትዋል፣ እሱ መሬት ላይ ይሠልጥን።"

ይህን እንዲህ ልለው አላሰብሁም ነበር። ካልኩት በኋላ እንባዬ መጣ፤ የውሸት አልነበረም።

አባት ወደ ባሌ ዞሩ። ከልክለሃታል ወይ አሉት። አልከለከልኩም አለ። ፈቅደሃል ወይ አሉት።  እኔ ስለ ገና ያልመጣ ነገር ሊያስተምራቸው ነው ብዬ ጠበቅሁ። እሱ ግን እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ጣቶቹን ሲያያቸው ቆየ።

"እማማ እኔ ፊት አይበሉም" አለ። "ከተጋባን ጀምሮ እጃቸው አፋቸው ሲደርስ አይቼ አላውቅም። ይሄ ቤት ሁለት ክፍል ነው፣ ፊቴን የት ወስጄ ይብሉ? በእኔ ቤት ተርበው ቢያልቁብኝስ?"

የእናቴን ልማድ እኔ ከልጅነቴ አውቀዋለሁ፤ የድሮ አማት በአማቿ ፊት አትጎርስም፣ እሷ ደግሞ ውኃም አትጠጣም። ሊጠይቃት ኢዲዶ ድረስ ሄዶ እሱ ብቻውን ይበላል፣ እሷ በሩ ጀርባ ሆና ይብሉ ይብሉ ትላለች። ይህን ሁሉ አውቃለሁ። ባሌ በዚህ ይጨነቃል ብዬ ግን አስቤ አላውቅም። ስስት ያልኩት ፍርሃት ኖሯል። በፍልስፍና የተጠቀለለ፣ ትልቅ ሰውዬ የሚያህል ፍርሃት። አዘንኩለትም፣ ልመታውም አማረኝ።

ሐጂ ፂማቸውን አሻሹ። አባት ግን አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁ፤ ሴትዮዋን እራሷን የጠየቃት አለ? አሉ። እኔ ባሌን አየሁት፣ እሱም እኔን አየኝ። ማንም አልጠየቃትም።

"እሷን ሳትጠይቁ ነው እንዴ የተጣላችሁት?"

"እኛ አልተጣላንም" አልን ሁለታችንም ባንድ አፍ።

አባት ደስ አላቸው። እንግዲያው ታርቃችኋል አሉ፣ ቡና አፍልቼም በፊታቸው አብረን እንድንጠጣ አዘዙ። ዕርቅ ተቀምጦ፣ አስታርቆ፣ ሲኒው ሳይጨለጥ የሚነሣ ሽማግሌ እዚህ የለም። ባሌ ሲኒውን ተቀብሎ ትንሽ አየው። ከፈላስፎቹ ጋር የሚሰነባበት ይመስል ነበር። ከዚያ ጠጣው፤ ሁለተኛውን ማንም ሳያስገድደው ራሱ ዘረጋልኝ።

ኢዲዶ የሄድነው የቡና ለቀማው በደራበት ሰሞን ነው። ከይርጋጨፌ በሞተር ወጣን። እናቴ አልጋው ጎን በርጩማ ላይ ተቀምጣ ቡናዋን ታገላብጣለች፤ ቡና የሚሰጣበትን የሽቦ ቆጥ እኛ አልጋ ነው የምንለው። ነገሩን ሁሉ ነገርኳት፣ ሽማግሌዎቹን ጭምር፣ ሰሌኑን ጭምር። ባሌ ራቅ ብሎ እንሰት ሥር ቆሞ የማይሰማ ለመምሰል ይጥራል። እናቴ ከሁሉ የያዘችው ሰሌኑን ነው። እጇን ከቡናው አነሣች።

"ቡናዬን እንኳ መሬት ላይ አላስተኛም" አለችኝ። "እሳቸውን ያህል ሰው እንዴት ታስተኚያቸዋለሽ?"

ትመጫለሽ ወይ ስላት ቡናው ይለቀም፣ ይድረቅ፣ ከገና በኋላ እናያለን አለች። ስለ ምግቡ ስጠይቃት ደግሞ፣ አንዱ ጀርባውን ይሰጣል፣ ምን ችግር አለው ብላ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ባሌን ለወራት ፈላስፋ ያደረገው ጥያቄ እንዲህ በቡና ማገላበጥ መካከል አለቀ።

ከገና በኋላ መጣች። እሷና እኔ መኝታ ቤቱን ያዝን፣ ባሌ ወደ ሰሌኑ ተመለሰ። የበሩ ማጠፊያ እሷ ከመድረሷ በፊት በነበረው ቀን ተሠራ። ሲበላ ደጃፉ ላይ ፊቱን ወደ መንገዱ አዙሮ ይቀመጣል፣ እሷም ፊቷን ወደ ጓዳው አዙራ ውስጥ ትቀመጣለች፣ በጀርባቸው እየተጨዋወቱ ይበላሉ። መንገድ የሚያልፍ ሁሉ እንደምን ዋልክ ሲለው ባሌ ማጉረስ ጀምሯል።

ፍልስፍናው የት እንደ ገባ አትጠይቁኝ። መሬት መተኛት ሥልጠና በነበረ ጊዜ አንዲት ቃል ያልወጣው ሰውዬ፣ ግድ ሲሆንበት ጠዋት ጠዋት ወገቤን ይላል፣ አንገቴን ይላል፣ ሲሚንቶው በላኝ ይላል። እናቴ ከውስጥ ትሰማና ታዝናለች። እኔ ተበቀልኩት ብዬ ደስ ይለኝ ነበር።

አንድ ጠዋት ግን ቅሬታው ሲበዛብኝ፣ የልጃችን ፍራሽ የት ሄዶ ነው ሰሌን ላይ የምትንደባለለው አልኩት። ያልሰማ መሰለ። መኝታ ቤት ገብቼ በእናቴ በኩል ያለውን አንሶላ ገለጥኩ። የልጃችን ፍራሽ በአልጋው ፍራሽ ላይ፣ በእሷ በኩል ተደርቦ ተዘርግቷል። እኔ ከፍ ብላ የምትተኛው ትራስ ስለምታበዛ ነው ብዬ ነበር። ዝቅ ካለ መኝታ ጉልበቷ አያነሣትም። ከፍ ካለው ግን እግሯን አውርዳ ብቻዋን፣ ማንንም ሳትጠራ ትቆማለች። ከመጣች ጀምሮ ጠዋት ስትነሣ ጠርታኝ እንደማታውቅ ያን ጊዜ ልብ አልኩ።

ስለ ወገቡ፣ ስለ አንገቱና ስለ ሲሚንቶው ሰፈሩን ያስለቀሰ ሰው ስለዚህ አልተነፈሰም።

ወደ ሳሎን ተመለስኩ። ባሌ ደጃፉ ላይ ጀርባውን ሰጥቶ ቡናውን ይጠጣል። ምንም አላልኩትም፤ ብናገር ያበላሸዋል፣ እሱን አውቀዋለሁ። ሰሌኑን ጠቀለልኩ፣ ብርድ ልብሱንና አንዷን ትራስ ደረብኩና ወጥቼ አጥሩ ላይ፣ ጎረቤቴ በደንብ በምታይበት በኩል አሰጣሁት። ከፈለገች ሽማግሌ ትላክ።