በገዳይዋ ጉዳይ የተቀመጠው ሽምግልና

ሆሳዕና ውስጥ ልብ አንጠልጣይ ልብወለድ የሚጽፍ ሰው ትልቁ ችግሩ ወንጀል ማጣት ነው። ሰው ሁሉ ይተዋወቃል። አንድ ሰው ከጠፋ ወይ ቦኖሻ ገበያ ወርዷል፣ ወይ ሀቢቾ ለቅሶ ሄዷል፤ ሲመሽ ይመለሳል። እንዲህ ባለ ከተማ ሰው ገድሎ ገዳዩን እስከ መጨረሻው ገጽ መደበቅ ቀላል ሥራ አይደለም። እኔ ግን የኬሚስትሪ መምህርት ነኝ፤ ከፈተና እርማት የሚከብድ ነገር የለም ብዬ ገባሁበት።

የጻፍኩት ከቤቴ ፊት ለፊት ያለው ሱቅ ውስጥ ነው ማለት ይቻላል። ባለሱቋ ወላጆቿ ከጉራጌ አገር መጥተው እዚሁ የወለዷት፣ ከእኔ ጋር አንድ ክፍል የተማረች ጓደኛዬ ናት። ከሚዛኑ አጠገብ አንዲት ዱካ አለቻት። ከትምህርት ቤት ስወጣ እዚያች ዱካ ላይ ቁጭ ብዬ የደረስኩበትን ምዕራፍ ከላፕቶፔ አነብላታለሁ፤ እሷ ስኳር እየመዘነች ትሰማለች። ታሪኩ ሲከር መመዘኑን ትተወዋለች። ደንበኛው "እህቴ፣ ስኳሩስ?" ሲላት "ቆይ እስቲ፣ ሰውየው በሩን ሊከፍት ነው" ትለዋለች። ደንበኛውም ይቆያል።

የእሷ ጥርጣሬ ታሪኩ ውስጥ ያለው ፋርማሲስት ላይ ነበር። "እሱ ነው፤ ሳቁ አላማረኝም" እያለች ልታስለፈልፈኝ ትሞክራለች፤ እኔ ጭጭ። የመጨረሻው ምዕራፍ ላይ ስደርስ ግን "ይኼን ታትሞ ሲመጣ ታነቢዋለሽ" ብዬ አለፍኳት። ምክንያቱም ገዳይዋ ባለሱቅ ናት። እስክሪብቶ ሻሿ ውስጥ የምትሰካ፣ ዝርዝር ሲያጥራት ከረሜላ የምትመልስ፣ ሰውየውን በሁለት ኪሎ የሚዛን ብረት ጭንቅላቱን ያለችው ባለሱቅ። እስክሪብቶውም፣ ከረሜላውም፣ ብረቱም ከዚያችው ሱቅ የመጡ ናቸው። ደራሲ ከጎረቤት ካልተበደረ ከየት ያመጣል?

የሚያሳትመኝ ስላልነበረ ራሴ አሳተምኩት። ሽፋኑን የሠራልኝ የአዲስ አበባ ልጅ ትልቅ ሽጉጥ ሥሎ ላከልኝ። ደውዬ "መጽሐፉ ውስጥ እኮ ሽጉጥ የለም" ስለው "እህቴ፣ በሚዛን ብረት ማን ይገዛሻል?" አለኝ። ሽጉጡ እንዳለ ታተመ። መጽሐፎቹ በአውቶቡስ ጣሪያ ተጭነው መናኸሪያ ሲደርሱ ደግሞ አንዱን እሽግ ያነሳው ወዛደር "የሃይማኖት ነው የትምህርት?" ብሎ ጠየቀኝ። "የወንጀል" ስለው ቀስ አድርጎ መሬት አስቀመጠው። ቴሌግራም ላይ ማስታወቂያ ብለጥፍ የመጀመሪያው አስተያየት "ፒዲኤፍ የለውም?" የሚል ሆነ። በዚህ ሁሉ ስስቅ ነበር የከረምኩት።

ሳቄ የጠፋው የከተማው ሰው መጽሐፉን አንብቦ ሲጨርስ ነው። በገዳይዋ ውስጥ ጓደኛዬን ያላወቃት አልነበረም። "ሁለት ኪሎ ስኳር ስጪኝ፤ ብረቱን ግን ከእጅሽ አርቂው" የሚላት በዛ። አንድ ቀን እንደ ልማዴ ስገባ ዱካዋ የለችም።

"ወንበሩ የት ሄደ?"

"ተሰበረ" አለችኝ፣ ቀና ሳትል።

አልተሰበረም። ጓዳ ውስጥ ከዘይት ጀሪካኑ አጠገብ ይታየኛል። ቆሜ ሳሙና ገዛሁና ወጣሁ። ሳሙና አላስፈለገኝም ነበር። አገሩ ሁሉ ቢያነበኝ የእሷን ጆሮ እንደማይተካልኝ ያኔ ገባኝ፤ ቤቴ ገብቼ አለቀስኩ።

እሑድ ሦስት ሽማግሌዎች መጡ። አንዱ የጓደኛዬ አጎት፣ አንዱ ሁለታችንንም ያስተማሩን ጡረተኛ ርዕሰ መምህር፣ ሦስተኛው በማስታረቅ የታወቁ የሀቢቾ አዛውንት ናቸው። እሷ ከኋላቸው ነጠላዋን እስከ አፍንጫዋ ሸፍናለች። "ግቡ፣ ተቀመጡ" ብል "እሺ ሳትዪን አንቀመጥም" ብለው ደጃፉ ላይ ቆሙ። እሺ አልኩ። ተቀመጡ። ሻይና ዳቦ አቀረብኩ።

አጎቷ ጉሮሯቸውን ጠርገው ጀመሩ። "ይህች ልጃችን በመጽሐፍሽ የመጨረሻ ምዕራፍ ላይ…"

"ቆይ! ቆይ!" ርዕሰ መምህሩ ሁለት ጆሯቸውን ያዙ። "እኔ ገና ዘጠነኛው ምዕራፍ ላይ ነኝ።"

"ጋሼ፣ ሳይጨርሱ ለሽምግልና ይመጣሉ እንዴ?" አልኳቸው።

"እያጣጣምኩ ነው የማነበው። ሰው ሊነግረኝ ሲል መንገድ እየቀየርኩ ነው የምሄደው። በመጽሐፉ ምክንያት ተቀያየሙ ተባልኩ፣ መጣሁ። ፋርማሲስቱ አይደለም እንዴ?"

አጎቷ ወደ ሻያቸው ተመለሱ። ጉዳዩን ሳያነሱ መሸምገል አይቻልም፤ ካነሱት ደግሞ እሳቸው ላይ ግፍ ነው። አዛውንቱ ትንሽ አሰቡና "ነገሩን ያልሰማ ዳኛ አይፈርድም። መምህር ይጨርሱ" ብለው ለሚቀጥለው እሑድ ቀጠሮ ሰጡ። ሲወጡ የጓደኛዬ ትከሻ ከነጠላው ሥር ይንቀጠቀጣል። እየሳቀች ነው። ሳምንቱን በዚያች ሳቅ ኖርኩ።

በቀጠሮው ርዕሰ መምህሩ ገና ሳይቀመጡ "ሚዛኑን እንዴት አላሰብኩትም!" አሉ። አዛውንቱ ለበዳይ ሳይሆን መጀመሪያ ለተበዳይ የመናገር ተራ ሰጡ። እኔ "ልብወለድ እኮ ነው" የሚል ረጅም መከላከያ አዘጋጅቼ ነበር።

"በመግደሌ አይደለም የተቀየምኩት" አለች ጓደኛዬ። "ሰውየውም ቢሆን የሚገባውን ነው ያገኘው። እኔን ያንገበገበኝ ሌላ ነው። ስታነብልኝ ስንት ደንበኛ አስቁሜአለሁ? የመጨረሻውን ግን መናኸሪያ ሄጄ እንደ መንገደኛ ገዝቼ፣ ቆሜ አነበብኩት። የቅርብ ጠበል ልጥ መንከሪያ ሆንኩብሽ?"

መከላከያዬ ሁሉ ጥሎኝ ሄደ። ተነስቼ አንገቷ ላይ ተጠመጠምኩ፤ "ይቅር በይኝ" አልኳት። እሷም አለቀሰች። አጎቷ ዳቦአቸውን እንደያዙ ወደ መስኮቱ ዞሩ።

አዛውንቱ ብዙ አላወሩም። "ገዳይዋ እንዳለች ትሁን" አሉ። "ወንበሩ ግን ወደ ቦታው ይመለስ።" መረቁንና ሄዱ።

በማግስቱ ሱቅ ስገባ ዱካዋ ከሚዛኑ አጠገብ ናት። መደርደሪያው ላይ፣ ከሳሙናው ጎን፣ መጽሐፌ ተደርድሯል። ጨው ልትገዛ የመጣች አንዲት ሴት አንዱን አንስታ ሽጉጡን እያየች "ስለምንድን ነው?" አለች።

"ሰው ተገድሎ ገዳዩ የሚፈለግበት ነው" አለች ጓደኛዬ። ከዚያ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ "ገዳይዋ እኔ ነኝ" አለቻት።

ከዱካዬ ብድግ አልኩ። ያን ሁሉ ጊዜ የደበቅኩትን ምስጢር በጨው ሒሳብ ለቀቀችው። ሴትዮዋ አንዴ እሷን፣ አንዴ የሚዛኑን ብረት አየች።

"ምን አድርጎሽ ነው?"

"እሱን ገዝተሽ አንብቢ" አለቻት፤ መጽሐፉን ከጨውዋ ጋር አስራ ሰጠቻትና ለመልሱ ከረሜላ ጨመረችላት።