የውሃ አባት ተራ

አባቴ የውሃ አባት ነበሩ። ከቡሬ ወጣ ብሎ ባለው ቀበሌያችን የምንጩን ውሃ ለየማሳው በተራ የሚያካፍሉት እሳቸው ናቸው። ደሞዝ የለው፣ ምን የለው፤ ትርፉ ጭቅጭቅ ብቻ። ደንቡ ደግሞ የውሃ አባት የራሱን ማሳ ከሁሉ በኋላ ያጠጣ ነው። ምንጩ ሙሉ እያለ ይህ ማንንም አልጎዳም።

ኋላ ቡሬ ሰው በዛባት። ተማሪው መጣ፣ ነጋዴው መጣ፣ እኔም ተቀጥሬ ገባሁ፤ የምንጩ እኩሌታ በቧንቧ ወደ ከተማ ይሂድ ተባለ። አንድ ለአምስት ተደራጅተን በየስብሰባው በምናጨበጭብበት ዘመን ማን እምቢ ይላል? አጨበጨብን። ዝናቡም እንደ ድሮው በሚያዝያ ጠብ ማለቱን ተወ።

በዚያ ዓመት የአባቴ ተስፋ የበርበሬ ችግኝ ብቻ ነበር። ክረምት እስኪገባ ከጸና ተነቅሎ ማሳ ላይ ይተከላል፤ ካልጸና ዓመቱ ባዶ ነው። ቅዳሜ ልጠይቃቸው ስወርድ የችግኙ ቅጠል ተጠቅልሏል፤ ውሃው ከሦስተኛው ሰው ማሳ አያልፍም።

«አባዬ፣ ለዛሬ እንኳ ለራስዎ ያስቀድሙ!» አልኋቸው። ጎረቤቶቹም አብረውኝ ለመኑ።

«ዛሬ ለራሴ ካስቀደምሁ፣ ነገ ተራህን ጠብቅ የምለው ማንን ነው?» አሉና ዶማቸውን ይዘው ለሌላ ሰው ቦይ ሊከፍቱ ሄዱ።

ውይ እኒህ ሰው! በእልህ አለቀስሁ። እሑድ አመሻሽ ላይ ተራቸው ሲደርስ ቦዩ ውስጥ የቀረው እርጥብ አሸዋ ነው። ሰኞ ጧት ችግኙ ሲነኩት ይፈረፈር ነበር። አባቴ ለጥላ ያለበሱትን ሣር ከችግኙ መደብ ላይ አነሡና ለላሟ ሰጧት።

ከሰዓት ቡሬ ወደ ተከራየሁበት ግቢ ስመለስ ከበሩ ጀምሮ ጭቃ ነው። ከተማ ውስጥ ውሃ በፈረቃ ነው፤ መቼ እንደሚመጣ ስለማይታወቅ ቧንቧውን ከፍተን ከሥሩ ባልዲ እናኖራለን፣ ሲንዶቀዶቅ ሰምተን እንድንሮጥ። ቅዳሜ እንደ ከፈትሁት ረስቼው ኖሯል። አከራዮቼም ለቅሶ ሄደው ግቢው ውስጥ ሰው የለም። ውሃው ባልዲውን ሞልቶ፣ ግቢውን አጥለቅልቆ፣ አስፋልቱን ተሻግሮ ይሄዳል። የኛ ምንጭ ውሃ እኮ ነው! ዘጋሁትና እጄን ራሴ ላይ ጭኜ እዚያው ጭቃው ላይ ቁጭ አልሁ።

በሳምንቱ አባቴ ለገበያ ወጥተው ቤቴ ጎራ አሉ። ምሳ አቀረብሁላቸው፤ እጃቸውን ሳስታጥባቸው በቃ በቃ ብለው ማንቆርቆሪያውን አስመለሱኝ።

«ለመሆኑ እናንተስ ውሃ አገኛችሁ?» አሉኝ።

«ኧረ የለም አባዬ፣ ጠብም አላለ» አልኋቸው። ዓይናቸውን ማየት አልቻልሁም።

«ታዲያ የት ገባ፣ ልጄ?» አሉ።