ሁለተኛዋ ጉርሻ

ዛሬ ጠዋት አንድ ኢትዮጵያዊን «ዌልካም ቱ ኢትዮጵያ!» ብዬ ተቀበልኩ። ዕድሜ ልኬን ያጠራቀምኳት እንግሊዝኛ ይህችው ናት፤ እሷንም ያለ ቦታዋ ጣልኳት።

ከእንጦጦ ግርጌ ወዳለችው አቧራማ ሜዳ የሄድኩት በልጅ ልጄ ትእዛዝ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ኳስ ትጫወታለች። አብራት በአጥቂነት የምትሰለፍ የልብ ጓደኛ አለቻት። የጓደኛዋ አባት ከሚቀጥለው ሳምንት ጀምሮ ቅዳሜም ሥራ ሊገባ ነው፤ የሚያደርሳት ከጠፋ ልጅቷ ከቡድኑ መውጣቷ ነው።

«አባባ፣ ‹ሁለቱንም እኔ አመላልሳለሁ› ይበሉት። ሌላ ነገር እንዳይጨምሩ!»

ጨመርኩ። የልጅ ልጄ ጓደኛዋ የየት አገር ልጅ እንደሆነች ነግራኝ አታውቅም፤ ለካ ለእሷ የሚወራ ነገር አልነበረም። ከእኔ ቢጤ ጡረተኞች ጋር ሜዳው ዳር ተኮልኩለን ሳለ አባትየው መጣ፤ ረጅም፣ ጥቁር፣ ሸሚዙ የተተኮሰ።

«የአፍሪካ ዲፕሎማት ነው» አለ አንዱ ጡረተኛ፣ እኛ ከአውሮፓ የመጣን ይመስል። እኔ ሞኙ ኮቴን አስተካክዬ ተነሣሁና እንግሊዝኛዬን ለቀቅኩበት።

«እግዜር ይስጥልኝ አባቴ» አለኝ ሰውየው። «እኔ የጋምቤላ ልጅ ነኝ፤ ቤቴም እዚሁ ወሰን ሰፈር ነው። እርስዎስ ከየት መጡ?»

ጡረተኞቹ ሳል ያዛቸው። እንግዳ ተቀባዮች ነን እያልን ደረታችንን እንነፋለን፤ ባለቤቱን በገዛ ቤቱ እንግዳ አድርገን ስንቀበለው ግን አናፍርም! የልጅ ልጄ ከሜዳው መሃል ገላመጠችኝ፤ ኳሷን ፊቴ ላይ ብትለጋብኝ ይሻለኝ ነበር። የተላክሁበትን ጉዳይ ሳልናገር ተመልሼ ተቀመጥኩ።

ጨዋታው ሲያልቅ ለይቅርታ ያህል እጄን ታጠብኩና፣ ከምሳ ዕቃዬ ፍርፍር ጠቅልዬ ወደ ሰውየው አፍ ዘረጋሁ። እጄን አየ፤ እኔን አየ። ከዚያ ጎረሰ። ሁለተኛዋን ልጠቀልል ብዞር ሁለቱ አጥቂዎች ምሳ ዕቃውን ጠርገውታል።

«አንድ ጉርሻ ያጣላል ሲባል አልሰሙም?» አለኝ እያላመጠ።

«ቅዳሜ ቅዳሜ ሁለቱንም እኔ አመላልሳለሁ» አልኩት፣ በስንት መከራ፣ በአማርኛ።

ልጆቹን አየ፤ አፋቸው በርበሬ ለብሶ ይሳሳቃሉ።

«እንግዲያው ቅዳሜ በማለዳ ልጄን ሊወስዱ ሲመጡ ሁለተኛዋን ይዘውልኝ ይምጡ። ባዶ እጅዎን ከመጡ ልጅም የለ!»

እንዲህ ሆኜ በስተርጅና የአንዲት ጉርሻ ባለዕዳ ሆንኩ። እስከ ቅዳሜ እንደ ተጣላን ነን።